ማስጠንቀቂያው ወጥቶ ያልደረሰባት መንደር፦ የሳራጎሳ ቶርኔዶ ሲታወስ

የአሜሪካ ጸደይ በገባ ቁጥር የምንሰማው ዜና ይመሳሰላል። ጣሪያው የተገነጠለ ቤት፣ የተገለበጠ ከባድ መኪና፣ በየሰዓቱ የሚጨምር የሟቾች ቁጥር። ዳላስ ወይም ናሽቪል ዘመድ ያለው ሰው ይደውላል፤ "ደህና ናችሁ?" ይላል፤ "ኧረ እኛ ጋ አልደረሰም" ይባላል፤ ወሬው በዚያው ያልቃል። ሳይመለስ የሚቀር ጥያቄ ግን አለ። ሳተላይቱም ራዳሩም ባለበት አገር ሰው እንዴት ሳያውቅ ይደርስበታል?

ለማስረዳት ትልልቆቹን አደጋዎች መጥቀስ ይቻላል። እዚህ የተመረጠችው ግን አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ናት። እዚያ የሆነው ነገር የቤቱ ቋንቋና የመንግሥቱ ቋንቋ ለሚለያይበት ሰው ሁሉ ቅርብ ነው።

ሳራጎሳ የት ናት? ምንስ ደረሰባት?

ሳራጎሳ በምዕራብ ቴክሳስ፣ በሪቭስ ካውንቲ፣ ከፔኮስ ከተማ በስተደቡብ የምትገኝ የእርሻ መንደር ናት። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው፤ አብዛኞቹም ቤታቸው ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ። መንደሯ ራሷን የቻለች ከተማ ስላልሆነች ከንቲባም ማዘጋጃ ቤትም አልነበራትም። የአደጋ ጊዜ ሳይረንም አልነበራትም።

ግንቦት 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1987 ዓርብ ማታ፣ ብዙ ሰው በጓዳሉፔ እመቤታችን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስቦ ነበር። የአራት ዓመት ሕፃናት የሚመረቁበት ምሽት ነው። ሕፃናቱ የሚማሩት ሄድ ስታርት በሚባለው፣ የፌዴራሉ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ቤተሰቦች ልጆች በሚደግፈው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ነበር። ምርቃት ሲሆን ወላጅ ብቻውን አይመጣም፤ አያትም አክስትም ታላላቅ ልጆችም አብረው ይመጣሉ። እዚያም እንደዚያው ነበር።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ቶርኔዶው መንደሯን መታት። የተጓዘው መንገድ አጭር ነበር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ። መንደሯ ግን በመንገዱ ላይ ነበረች። 30 ሰዎች ሞቱ፤ 121 ቆሰሉ። ከሟቾቹ 22ቱ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ነፍስ አድን ሠራተኞች ፍርስራሹን ሲያነሡ በልጆቻቸው ላይ ተደፍተው የሞቱ ወላጆችን አገኙ። ከእነዚህ ልጆች መካከል የተረፉ አሉ።

በአንድ መንደር ከጥቂት መቶ ሰው 30 ማለት ሐዘን ያልገባበት ቤት የለም ማለት ነው። በሀገር ደረጃ ሲታይ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሳራጎሳ በዝርዝሮች ግርጌ ትቀመጣለች። የሚገባት ቦታ ግን ያ አይመስለኝም።

ቶርኔዶ ምንድን ነው? ከሐሪኬንስ በምን ይለያል?

በአማርኛ ዜና ሁለቱም "አውሎ ነፋስ" ስለሚባሉ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። ሐሪኬን የሚወለደው በሞቃት ውቅያኖስ ላይ ነው። ስፋቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ከቀናት በፊት በሳተላይት ይታያል፤ ለመሸሽም ጊዜ ይሰጣል። ቶርኔዶ ደግሞ ከነጎድጓድ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር የአየር ዓምድ ነው። ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም፤ ዕድሜውም በደቂቃ ይቆጠራል። አንዱን ሰፈር ጠራርጎ የማዶውን ሰፈር ሳይነካ የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

በአገራችን በበጋ፣ በተራቆተ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እየጠቀለለ የሚሄደውና አንዳንዱ አማትቦ የሚያሳልፈው ነፋስስ? እሱ ሌላ ነው። ያ ሽክርክሪት የሚነሣው ፀሐይ ካጋለችው መሬት ወደ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም ይከሰታል። ቶርኔዶ ያለ ነጎድጓድ ደመና አይኖርም።

እንዴት ይፈጠራል?

ኃይለኞቹ ቶርኔዶዎች የሚወለዱት ሱፐርሴል ከሚባል የነጎድጓድ ደመና ነው። ሱፐርሴል ማለት ውስጡ ያለው ወደ ላይ የሚወጣ አየር እየተሽከረከረ የሚወጣበት ደመና ነው። ይህ እንዲሆን መጀመሪያ ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር ያስፈልጋል። በአሜሪካ ይህ አየር የሚመጣው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከምዕራብ፣ ከደጋውና ከበረሃው በኩል ደግሞ ደረቅ አየር ይመጣና በላዩ ይጋደማል። ታች ያለው እርጥብ አየር መውጣት ይፈልጋል፤ ላዩ ያለው ይዞታል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ወይም የሁለቱ አየሮች ድንበር ሲገፋው የታፈነው አየር በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይመነጠቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥርት ያለው ሰማይ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደመና ይሸከማል።

ይህ ብቻ ከሆነ የሚመጣው ዝናብና በረዶ ነው። ሽክርክሪቱን የሚያመጣው የነፋሱ አነፋፈስ ነው። ከመሬት አጠገብ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ቀስ ብሎ ሲነፍስ፣ ሽቅብ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ከምዕራብ በፍጥነት ሲነፍስ፣ በመካከል ያለው አየር በአግድሙ መንከባለል ይጀምራል። ወደ ላይ የሚመነጠቀው አየር ይህን የሚንከባለል አየር ያነሣውና ያቆመዋል። አሁን ደመናው ራሱ ይዞራል። ከኋላው የሚወርደው ቀዝቀዝ ያለ አየር ዙሪያውን ሲጠመጠምበት ሽክርክሪቱ ይጠብባል፤ ሲጠብ ይፈጥናል፤ መሬት ከነካ ቶርኔዶ ሆነ።

ከሱፐርሴሎች አብዛኞቹ ቶርኔዶ ሳይወልዱ ይበተናሉ። የትኛው እንደሚወልድ አስቀድሞ ለይቶ መናገር ለሳይንስ ዛሬም ከባድ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ስለ ማስጠንቀቂያው ስናወራ ያስፈልገናል።

አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ የሚከሰተው?

አይደለም። አሜሪካ በዓመት ከ1,000 በላይ ቶርኔዶ በመመዝገብ ትመራለች፤ ምክንያቱም እርጥቡ ባሕር፣ ደረቁ ደጋና ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙት በሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ነገር ግን በዓለም ብዙ ሰው የገደለው ቶርኔዶ የደረሰው በባንግላዴሽ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1989 ዳውላትፑርና ሳቱሪያ የሚባሉ የገጠር አካባቢዎችን መትቶ 1,300 ያህል ሰው ገደለ።

ኢትዮጵያ ኃይለኛ የክረምት ነጎድጓድ አላት። ከፍ ባለ ከፍታ ከምዕራብ የሚወረወረው ፈጣን ነፋስ ግን በእኛ ኬክሮስ እንደ አሜሪካው አይበረታም፤ እሱ ከሌለ ሱፐርሴል በቀላሉ አይፈጠርም። ይህ ለእኛ መልካም ነው፤ ጉዳትም አለው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ወደ ቴክሳስ የሄደ ሰው ስለዚህ ነገር ከቤተሰቡ የወረሰው ልምድ የለውም።

ምዕራብ ቴክሳስም ቢሆን ደረቅ ስለሆነ ከሰሜን ቴክሳስና ከኦክላሆማ ጋር ሲነጻጸር ቶርኔዶ ብዙ አያይም። ሳራጎሳን ካጋለጧት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በየዓመቱ የማይመጣ አደጋን ማንም አይጠብቅም።

ጉልበቱ እንዴት ይለካል?

ነፋሱን በቀጥታ መለካት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ መሣሪያው ራሱ ይወሰዳል። ስለዚህ ባለሙያዎች በማግስቱ ፍርስራሹን አይተው ወደ ኋላ ይገምታሉ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቴድ ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጡት መለኪያ ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 5 ይደርሳል። ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ የምትጠቀመው የተሻሻለውን፣ ኢኤፍ የሚባለውን ነው፤ እሱ ሕንፃው እንዴት እንደተሠራም ያገናዝባል። የሳራጎሳው በቀድሞው መለኪያ ኤፍ 4 ተብሏል፤ ይህም በሰዓት ከ333 እስከ 418 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ማለት ነው።

ታዲያ ማስጠንቀቂያ አልወጣም?

ወጥቷል። የሳራጎሳ ነገር የሚያሳዝነውም የሚያስተምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ቃላትን እንለይ፤ አሜሪካ ያለ ሰው በየጊዜው ይሰማቸዋልና። "ቶርኔዶ ዋች" ሲባል ሁኔታው ተመቻችቷል፣ በሰፊ አካባቢ በሚቀጥሉት ሰዓታት ሊፈጠር ይችላል ማለት ነው፤ ሥራ አይቆምም፤ ጆሮ ግን ይከፈታል። "ቶርኔዶ ዋርኒንግ" ሲባል ራዳር ሽክርክሪት አይቷል ወይም ሰው በዓይኑ አይቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው።

የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎት ቶርኔዶው መንደሯን ከመምታቱ 20 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ዋርኒንግ አውጥቶ ነበር። በዘመኑ መሣሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የያኔው ራዳር ዝናብንና በረዶን ያሳያል እንጂ ነፋሱ ወዴት እንደሚዞር አያሳይም፤ የነፋስን አቅጣጫ የሚለየው ዶፕለር ራዳር በመላ አገሪቱ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ራዳሩ ያለበት የአገልግሎቱ የሚድላንድ ቢሮ ደግሞ ከሳራጎሳ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መሬት ክብ ስለሆነች የራዳር ጨረር በራቀ ቁጥር ከፍ ይላል፤ በዚያ ርቀት ላይ ያለውን ደመና አናቱን እንጂ ሥሩን አያይም። ይህ ሁሉ ሆኖ ማስጠንቀቂያው በጊዜ ወጣ።

የማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንደ መስኖ ቦይ ነው። ከላይ ከግድቡ ውኃ መለቀቁ አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ማሳ መጠጣቱ ሌላ። መካከል ላይ አንድ ቦታ ከተደፈነ ከላይ ያለው ሰው "ለቅቄአለሁ" ይላል፤ ከታች ያለው ማሳ ይደርቃል።

በሳራጎሳ የተደፈነው በየት በየት ነበር? የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ቤኒግኖ አጊሬ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአደጋው በኋላ ይህንኑ መርምረዋል። መልእክቱ የተሠራጨው በዋናነት በእንግሊዝኛ ነበር። በአካባቢው የሚደርሱት የእንግሊዝኛ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማስጠንቀቂያውን ያስተላልፋሉ። የሳራጎሳ ሰው ግን ቴሌቪዥን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያየው የስፓኒሹን ዩኒቪዥን ነው። ያ ፕሮግራም ከሩቅ ለመላ አገሪቱ የሚሠራጭ በመሆኑ ስለ ሪቭስ ካውንቲ ሰማይ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ቤቱ ቴሌቪዥን አለ፣ ተከፍቷል፣ ሰው ያያል። ማስጠንቀቂያው ግን በሌላው ቻናል ላይ ነው።

ሳይረን የለም። መልእክቱን ተቀብሎ ወደ አዳራሹ ሮጦ የሚነግር የመንደር ኃላፊ የለም። በዚያ ላይ ያ ምሽት የምርቃት ምሽት ነው፤ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሬዲዮም አይከፍት። እ.ኤ.አ. በ1987 ኪስ ውስጥ ስልክ የለም።

አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር "ቋንቋውን ተምረው ቢሆን ኖሮ" የሚል መልስ ይመጣል። የምርመራው ውጤት ግን ወደዚያ አይወስድም። ሰው የሚያምነውንና የለመደውን ምንጭ ይከፍታል፤ ቋንቋ የሚወስነው የትኛው ጣቢያ እንደሚከፈት፣ የማን ወሬ ቶሎ እንደሚደርስ ነው። እኛስ ብንሆን? ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድ ተቀምጦ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሚከፍተው የአማርኛ ሳተላይት ቻናል ወይም ዩቲዩብ ነው። ስለ ሰፈሩ ደመና የሚነግረው ጣቢያ ያ አይደለም።

አዳራሹ ለምን መጠለያ መሆን አልቻለም?

ሰፊ አዳራሽ ጠንካራ ይመስላል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ ልብ ያምነዋል። በነፋስ ፊት ግን ከደካሞቹ ሕንፃዎች አንዱ ነው። መካከሉ ላይ ምሰሶ ወይም የውስጥ ግድግዳ ስለሌለው ጣሪያውን የሚይዙት የዳር ግድግዳዎች ናቸው፤ ግድግዳዎቹን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸው ደግሞ ጣሪያው ነው። ኃይለኛ ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በብረት በደንብ ካልታሰረ ይነሣል፤ ያኔ ግድግዳው ብቻውን ይቀራል፤ በብሎኬት ወይም በሸክላ ተሠርቶ ውስጡ ብረት ከሌለው በጎን ግፊት ይወድቃል። ሰው የሚሞተው በነፋሱ ሳይሆን በሚወድቅበትና በሚወረወርበት ነገር ነው። በሳራጎሳ የነበሩት ሕንፃዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለውን ነፋስ ታሳቢ አድርገው የተሠሩ አልነበሩም።

ስለዚህ በማንኛውም ሕንፃ ውስጥ የሚሻለው ምድር ቤት ነው፤ ከሌለ ዝቅተኛው ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው ትንሽ የውስጥ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ማስቀመጫ ክፍል ወይም መተላለፊያ። ግድግዳዎች ሲቀራረቡ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ጭንቅላትን በትራስም በሄልሜትም መሸፈን ይጠቅማል። በጎማ ላይ በተሠራ ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ዋች ሲወጣ ቀድሞ ወደ ጠንካራ ሕንፃ መሄድ አለበት። "ግፊቱ ቤቱን እንዳያፈነዳው መስኮት ክፈቱ" የሚለው የቆየ ምክር ስሕተት ነው፤ የሚያስገባው ነፋሱን ነው፣ የሚያባክነውም ጊዜ ነው።

መኪና ውስጥ መሆንም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ማታ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የዳላስ አጎራባች ከተሞች አንዷ የሆነችውን ጋርላንድን የመታው ቶርኔዶ 10 ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ነበሩ። ድልድይ ሥር ማቆምም አያድንም፤ ጠባቡ ቦታ ነፋሱን ያፈጥነዋል።

ዛሬ ቢሆንስ ማስጠንቀቂያው ይደርስ ነበር?

በብዙ መልኩ አዎ። ዶፕለር ራዳር ደመናው ሲሽከረከር ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በአደጋው ክልል ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ፣ ማንም ሳይመዘገብ፣ በተለየ ኃይለኛ ድምፅ ይጮኻል። ጊዜው ግን አሁንም አጭር ነው፤ በአማካይ ከ10 ደቂቃ ብዙ አይርቅም። የተሳሳተ ማስጠንቀቂያም ብዙ ነው፤ ከ10 ዋርኒንጎች ወደ ሰባት የሚጠጉት ቶርኔዶ ሳይመጣ ያልፋሉ። ምክንያቱ ከላይ ያነሣነው ነው፤ የትኛው ደመና እንደሚወልድ አይታወቅም። ሦስት ጊዜ በከንቱ የተደናገጠ ሰው በአራተኛው ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። በስልክ ቅንብር ውስጥ የአደጋ መልእክትን የዘጉ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይመስለኝም።

ቋንቋውስ? የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 የስልክ ማስጠንቀቂያዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋዎች እንዲደርሱ የሚያስችል ደንብ አጽድቋል። ከእነሱ መካከል ስፓኒሽ፣ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛና የሄይቲ ክሪዮል ይገኛሉ። አማርኛ የለም። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ትንበያዎቹን በኮምፒውተር ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች መካከልም የለም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተተረጎመ ጽሑፍና አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ዲሲ ግን የቶርኔዶ አገር አይደለችም። ሥጋቱ ባለበት በቴክሳስና በቴኔሲ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ የቀየሩ እናት የሚደርሳቸው ዋርኒንግ በእንግሊዝኛ ነው።

ሐበሻ ደግሞ በአዳራሽ የሚሰበሰብ ሕዝብ ነው። ሌሊት የሚቆም ማሕሌት፣ እስከ ምሽት የሚዘልቅ ጉባኤ፣ በኪራይ አዳራሽ የሚደረግ ሠርግና ክርስትና፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ መጋዘን በነበረ ሰፊ ቤት ውስጥ። ስልክ በጸሎት ሰዓት ይዘጋል፤ መዘጋቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ጸደይ ሲገባ የሰበካ ጉባኤው ወይም የሠርጉ አስተናጋጅ ሁለት ነገር አስቀድሞ ቢወስን ይበቃል፦ ስልኩን ከፍቶ በር አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ሕፃናቱና አረጋውያኑ ደግሞ ወደ የትኛው የውስጥ ክፍል እንደሚገቡ። የሚኖሩበት ካውንቲ ተመርጦ የሚስተካከል፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ዋርኒንግ ሲወጣ የሚጮኽ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ በየሱቁ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከአንድ የሠርግ ኬክ በእጅጉ ያነሰ ነው።